ወናፉ ዝም አይልም ወይ?

በ2001 ዓ.ም. ጉንደ ወይን ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ዳር ነበረች፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ወንበር። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጣው ሰው ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ተማሪው ፎርም ያስሞላል፣ ሰርግ የደገሰው የጥሪ ወረቀት ያሳትማል። ማታ ማታ ግን ቤቷ ሌላ ሥራ ነበራት። የኔታን እቀዳ ነበር።

የኔታ አባቴን ቅኔ ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ትዝታቸው ግን አልደከመም። በወጣትነታቸው በዲማ ጊዮርጊስም በዋሸራም የሰሙትን ቅኔ ከነባለቤቱ፣ ከነተቀኘበት በዓል ያስታውሱታል። አብዛኛው በወረቀት አልሰፈረም። አባቴ "እኚህ ሰው ሳያልፉ አንድ ነገር አድርግ እንጂ" እያለ ሲወተውተኝ ከባሕር ዳር ማይክሮፎን አስመጣሁ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ሳጥን አጠገብ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት።

የመጀመሪያው ማታ የኔታ ገብተው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አዘነበሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ወናፍ ዝም አይልም ወይ?"

"ማቀዝቀዣው ነው፣ የኔታ። ካልዞረ ማሽኑ ይቃጠላል።"

"ወናፍማ እሳት ያነዳል እንጂ መች ያበርዳል!" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አሥራ አንድ ማታ ቀዳን። በሚቀጥለው ዓመት የኔታ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ ከእሳቸው ዘንድ የተማሩ አንድ መሪጌታ ቅጂውን ፈልገው መጡ። ቅኔዎቹን በብራና ሳይሆን በመጽሐፍ ለማሳተም እየጻፉ ነበር። አንዱ ጉባኤ ቃና ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መዝጊያው ቃል "ሰረየ" ነው ወይስ "ፈረየ"? ሰረየ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ፈረየ አፈራ ማለት ነው። ልኩ በሁለቱም ይገጥማል፣ ቤቱ በሁለቱም ይመታል። በአንዱ ቢነበብ ምስጢሩ ስለ ምሕረት ይሆናል፣ በሌላው ቢነበብ ስለ ፍሬ። ደጋግመን ሰማነው። የየኔታ ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ ላይ ሲደርስ "ሽሽሽ" የሚለው የማራገቢያ ድምፅ ብቻ፤ ከዚያ "ረየ" ይላል። የመጀመሪያዋን ፊደል ማራገቢያው በልቷታል።

መሪጌታ አልተቆጡኝም። "ምን ታደርገዋለህ፣ ወንድሜ" ብለው ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ጩኸት ምን እንዳመጣው ማወቅ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ይህ ጽሑፍ ያገኘሁት ነው።

*

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው "ሲፒዩ" የሚለው ሳጥኑን በሙሉ ነው። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ከውስጥ ያለ ትንሽ ቺፕ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሲሊከን የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ወደ እሱ የሚገባው ኤሌክትሪክ አስልቶ ሲጨርስ የትም አይሄድም፤ ሁሉም ሙቀት ይሆናል። የ100 ዋት አምፖል በእጅ አይያዝም አይደል? ያው 100 ዋት በጥፍር ስፋት ላይ ሲያርፍ አስቡት።

ሂትሲንክ የሚባለው ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚጫን፣ ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት አሉሚኒየም ወይም መዳብ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ትኩስ ቆሎ ቶሎ እንዲበርድ ሰፌድ ላይ እንደምንዘረጋው፣ ሙቀቱን ከጠባቡ ቦታ ወስዶ በሰፊ ገጽ ላይ ይዘረጋዋል። ማራገቢያው ደግሞ የሞቀውን አየር ገፍቶ ቀዝቃዛውን ያመጣል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መሃል ስስ ቅባት አለ፤ ባለሙያዎቹ "ፔስት" ይሉታል። ሁለት ብረት የቱንም ያህል ቢለሰልስ በመሃሉ የአየር ክፍተት ስለማይጠፋ፣ ያንን ይሞላል።

የኮምፒውተር ታሪክ ከመጀመሪያውም የሙቀት ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ 18 ሺህ ያህል የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎዋት ገደማ ይበላ ነበር፤ በትልልቅ ማራገቢያ ካልተነፋ አይሠራም። ትራንዚስተር ሲመጣ ነገሩ በረደ። በ1980ዎቹ በየጠረጴዛው የተቀመጡት የግል ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰራቸው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚበላ ያለ ምንም ሂትሲንክ ይሠሩ ነበር። በእነዚያ ማሽኖች አጠገብ ብቀዳ ኖሮ ከፕሮሰሰሩ በኩል የሚሰማ ነገር ባልነበረ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ፍጥነት። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ፔንቲየም በ66 ሜጋኸርዝ ሲሠራ 16 ዋት ያህል ይበላ ነበር፤ ክንፍ ያለው ብረትና ትንሽ ማራገቢያ የተለመደ ዕቃ የሆነው በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ በሜጋኸርዝ፣ ቀጥሎም በጊጋኸርዝ ቁጥር ሲሽቀዳደሙ ዋቱም አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር መገምገሚያ ሂትሲንኩ በሥራ ላይ እያለ ሲነቀል ምን እንደሚሆን በቪዲዮ አሳየ። የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮች ተቃጠሉ፤ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ መሥራቱን ቀጠለ። ያለዚያ ብረት አንዳንድ ፕሮሰሰር ለሰከንዶች እንኳ እንደማይቆይ ብዙ ሰው የተረዳው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር በአንድ የምሁራን ጉባኤ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የቺፕ ሙቀት በስፋቱ ልክ ሲለካ የኑክሌር ማብለያን፣ ቀጥሎም የሮኬት አፈሙዝን፣ በመጨረሻ የፀሐይን ገጽ ያክላል አለ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ከሥሩ እውነት ነበረው። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ባሳየው ስሌት መሠረት ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ስለሚቀንስ ሙቀቱ በስፋቱ ልክ አይጨምርም ነበር። ለ30 ዓመት ያህል ኢንዱስትሪው በዚህ ሕግ ኖረ። ትራንዚስተሮቹ ከልክ በላይ ሲሳሱ ግን በተዘጉበት ጊዜም ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ጀመሩ፤ ቮልቴጁም ከዚያ በላይ አልወርድ አለ። ሕጉ እዚያ ላይ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ፕሬስኮት የሚል የውስጥ ስም የነበረው ፔንቲየም 4 ወጣ፤ ፈጣኖቹ ከ100 ዋት በላይ ነበሩ። በግንቦት ኢንቴል ቀጣዩን ቺፕ ሰረዘ። በጥቅምት ደግሞ ቃል የገባውን የ4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ተወው፤ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ክሬግ ባሬት በአንድ ስብሰባ መድረክ ላይ ተንበርክኮ በቀልድ መልክ ይቅርታ ጠየቀ። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱኦ ወደ 65 ዋት ወርዶ ከቀደሙት የበለጠ ሠራ። የፍጥነቱ ሽቅድምድም በሙቀት ተሸነፈ ማለት ነው።

የእኔ ኮምፒውተር ከዚያ ሞቃት ዘመን የተረፈ፣ በሁለተኛ እጅ የገዛሁት ነበር። የማን ሥሪት እንደሆነ ማንሳት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አልነበረምና።

*

ሰው ሂትሲንክ ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ዲግሪ አወረደ?" ብሎ ነው። መለኪያው በየዋቱ ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር ነው። አንድ ሂትሲንክ በዋት 0.3 ዲግሪ ከሆነ፣ 100 ዋት ሲጫንበት ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ አየር በ30 ዲግሪ ይበልጣል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩ 50፤ ሰመራ ላይ 40 ከሆነ ደግሞ 70 ይሆናል።

ይህን ቁጥር ለማሳነስ አቋራጩ መንገድ ማራገቢያውን ማፍጠን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ውድድሩ በዲግሪ ብቻ ስለነበር አሸናፊዎቹ ጎናቸው 60 ሚሊሜትር የሆኑ፣ በደቂቃ እስከ 7 ሺህ ዙር የሚሽከረከሩ ማራገቢያዎች ነበሩ። ዲግሪው ወረደ፤ ክፍሉ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ሆነ።

ድምፅ በዴሲቤል ሲለካ ስሌቱ እንደ ዲግሪ አይደለም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን እጥፍ ጮኸ ይላል። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ ግን ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ የሚገፋው አየር በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ትልቅ ማራገቢያ በቀስታ ማዞር ትንሹን ከማክለፍለፍ ይሻላል። ጎኑ 120 ሚሊሜትር የሆነ ማራገቢያ ከ60ው ስፋቱ አራት እጥፍ ነው፤ ሳይቸኩል ያንኑ አየር ያመጣል።

ይህን በሥርዓት ካስተማሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ካናዳ ውስጥ ሳይለንት ፒሲ ሪቪውን የመሠረተው ማይክ ቺን ነው። የእሱ ዘዴ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። ሂትሲንኮችን በአንድ ዓይነት ማራገቢያ ያስራል፤ ማራገቢያውን በ12፣ በ9፣ በ7፣ በ5 ቮልት እያዞረ ሙቀቱንም ድምፁንም በየደረጃው ይለካል። ጥያቄው "ማን የበለጠ ያበርዳል?" መሆኑ ቀርቶ "በዝምታ ማን ያበርዳል?" ሆነ። በ12 ቮልት እኩል የነበሩ ሁለት ብረቶች በ5 ቮልት ይለያያሉ፤ ክንፋቸው እጅግ የተጠጋጋው ያለ ኃይለኛ ንፋስ አይተነፍሱም፤ ክንፋቸው ራቅ ራቅ ያለው በቀስታም ይሠራሉ።

ሁለተኛው ለውጥ የሙቀት ቧንቧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆርጅ ግሮቨር አሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራው ለኑክሌርና ለጠፈር ሥራ ታስቦ ነበር። እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ግን ሎስ አላሞስ መሄድ አያስፈልግም፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ድፍድፉ ከሥር ሲጣድ እንፋሎቱ በመቃው ያልፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተነከረው ዕቃ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። በመዳብ ቧንቧው ውስጥም ትንሽ ውሃ አለ። አየሩ ስለተመጠጠለት በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ፕሮሰሰሩ ዘንድ ተንኖ፣ ክንፎቹ ዘንድ ሄዶ፣ ሙቀቱን አራግፎ ውሃ ይሆናል። ልዩነቱ የሚጠጣ ነገር አለመውጣቱ ነው፤ ውሃው በቧንቧው ግድግዳ እንደ ኩራዝ ክር ተስቦ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ አርቆ ከፍ ወዳለ የክንፍ ማማ መውሰድ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦስትሪያው ኖክቱዋ ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ሁለት ማማና ሁለት ትልልቅ ማራገቢያ ይዞ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። ድምፁ ግን ለመስማት ጆሮ ያስጠጋል።

*

"እኛማ ደጋ ነን፤ ብርዱ ይበቃናል" የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግማሹ ብቻ ነው ልክ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ፣ በእኩል ሙቀት ሲለካ፣ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ የሚፈላውና ባቄላው ብዙ ማገዶ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማራገቢያው አንድ ዙር ሲዞር የሚገፋው አየር በመጠን ያው ቢሆንም በክብደት ያንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። የሰርቨር ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። ለደብረ ማርቆስ ሲሰላ 5 ዲግሪ ነው፤ 35 የተባለው 30 ይሆናል ማለት ነው።

በአጠቃላይ ከሰመራ እንሻላለን፤ ብርዳችን ከሚሰጠን ላይ ስስነቱ ጥቂት ይወስድብናል እንጂ ሁሉንም አይወስድም። ነገር ግን ማራገቢያው ሙቀት አይቶ ፍጥነቱን ራሱ የሚጨምር ከሆነ፣ አየሩ የሳሳበት አገር ላይ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መሮጥ አለበት። ስለዚህ የደጋ ዋጋው በዲግሪ ሳይሆን በጩኸት ይከፈላል። የእኔ ማሽን ላይ የሆነው አንዱ ነገር ይህ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ እሱን የገባኝ ሳጥኑን ስፈታው ነው።

መሪጌታ ከሄዱ በኋላ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ከቆጥ አወረድኩት። ሂትሲንኩን ስነቅለው በክንፎቹ መሃል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ፔስቱ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ስንት ዓመት ስሠራበት አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም!

ከዚያ ሦስት ነገር በተራ ሞከርኩ። ዘዴዬ የድሃ ነው፤ በር ዘግቼ፣ ማሽኑን ግማሽ ሰዓት በሥራ ወጥሬ፣ ሙቀቱን በራሱ ፕሮግራም አነብባለሁ፤ ድምፁን በጆሮዬና በዚያው ማይክሮፎን እለካለሁ። አሮጌው አሉሚኒየም እንደነበረ ሲሠራ ድምፁ እስከ በረንዳ ይሰማል። እሱንኑ በብሩሽ ጠርጌ፣ ፔስቱን ቀይሬ ስገጥመው ሙቀቱ በብዙ ወረደ፤ ማራገቢያውም ድምፁን ዝቅ አደረገ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛዬ የተላከልኝን ባለ ሙቀት ቧንቧ ማማ ከነ120 ሚሊሜትር ማራገቢያው ገጠምኩ። መሥራቱን ለማወቅ እጄን ከፊቱ ዘረጋሁ።

እኔን ያንገበገበኝ ሦስተኛው አይደለም፤ ሁለተኛው ነው። ማማው ያኔ እጄ አይገባም ነበር፤ በ2001 ጉንደ ወይን ተቀምጬ ከየት አመጣዋለሁ? ብሩሽና አንዲት ጣት ፔስት ግን ይገኝ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ራሴ "ሰረየ"ንና "ፈረየ"ን በማይክሮፎኑ ተናገርኩ። ሁለቱም ተለይተው ተሰሙ።

ለምን እነዚያ ፊደሎች እንደጠፉም ገባኝ። ሰ እና ፈ ሁለቱም በጠባብ ቀዳዳ የሚያመልጥ ትንፋሽ ናቸው፤ ጉሮሮ አይነዝርባቸውም። በሂትሲንክ ክንፎች መሃል የሚሮጠው አየርም በጠባብ ቀዳዳ የሚያመልጥ ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ በትንፋሽ ተሸፈነ። ጩኸት የሚቀንስ ፕሮግራምም ሞክሬ ነበር፤ ማራገቢያውን ሲያጠፋው ፊደሏንም አብሮ ያጠፋታል።

*

ዛሬ በአገራችን ትልቁ የሂትሲንክ ክምችት ያለው በቢሮ ሳይሆን በቢትኮይን ማምረቻዎች ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለእነዚህ ድርጅቶች ኃይል እየሸጠ ነው። በዚህ ሥራ የታወቀው አንትማይነር ኤስ19 አንዱ ብቻ 3 ሺህ 250 ዋት ይበላል፤ ድምፁ 75 ዴሲቤል ነው። እዚያ የሚቀዳ ሰው ስለሌለ በጩኸቱ የሚጠየቅ የለም፤ የሚቆጠረው ዲግሪና ብር ነው። በሌላ በኩል በየኪሳችን ያለው ስልክ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚበላ ጭራሽ ማራገቢያ የለውም። ዛሬ አባት እናቱን መቅዳት የሚፈልግ ሰው ስልኩን ከፊታቸው ማስቀመጥ ይበቃዋል። በኮምፒውተር የሚቀዳ ካለ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ በዓመት ሁለቴ ከፍታችሁ ጥረጉት፤ ማይክሮፎኑንም ከሳጥኑ አርቁት።

መሪጌታ መጽሐፉን ሊያሳትሙ ሲቃረቡ ደወሉልኝ።

"ያችን ጉባኤ ቃና ምን አደረጓት?" አልኳቸው።

"ሁለቱንም ጻፍኳቸው፤ አንዱን ከመስመሩ ላይ፣ አንዱን ከግርጌ።"

"የትኛውን ላይ አደረጉ?"

"ፈረየን። ሰረየን ከግርጌ አደረግሁት።" ትንሽ ቆይተው "የኔታ የትኛውን እንዳሉ እሳቸው ያውቃሉ" አሉ።

ቅጂውን አሁንም አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። የመጀመሪያው ማታ ላይ፣ ገና ቅኔው ሳይጀመር፣ የየኔታ ጥያቄ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማሽኑ ገና መሞቁ ስለነበር ማራገቢያው አልጮኸም። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ወናፍ ዝም አይልም ወይ?" ይላሉ። ቀጥሎ የእኔ ሳቅ ይመጣል። እንደዚያ ከመሳቅ ይልቅ ተነስቼ ሳጥኑን ብከፍተው ኖሮ መልካም ነበር።